ስልኩ ትንሽ ነው ወይስ ሶፋው ሩቅ?

«ዕድሜዬ 24 ነው፤ የምኖረው አዳማ ነው። ከሥራ ስመለስ በ6.5 ኢንች ስልኬ አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) አያለሁ። ጓደኞቼ ‹አኒሜ በስልክ ማየት ሠዓሊዎቹን መናቅ ነው› እያሉ ያሳቅቁኛል። ሳሎን ውስጥ 43 ኢንች ቲቪ አለን፤ ሶፋው ግን ከቲቪው 3 ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል። ደግሞ ቲቪው ላይ ሳየው እንቅስቃሴው የሚንሸራተት ይመስልና ያስጠላኛል። ስልኬን ለማገናኘት ከታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ኬብል ገዛሁ፤ ቲቪው ሲግናል የለም ብሎ ቀረ። የ9 ዓመት ወንድሜ እንግሊዝኛ ፈጥኖ ማንበብ ስለማይችል የአማርኛ ሰብታይትል እኔው እሠራለታለሁ፤ በፍላሽ ቲቪው ላይ ስከፍተው ግን ሳጥን ሳጥን ብቻ ይወጣል። ስለዚህ ስልኬን ነጥቆኝ አፍንጫው ላይ ለጥፎ ያያል። አሁን 55 ኢንች ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?»

ውድ እህታችን፣

ገንዘቡን ለጊዜው አትንኪው። መጀመሪያ የልብስ ሰፊ ሜትር አንሺና ሁለት ነገር ለኪ፤ የሥዕሉን ስፋትና ሥዕሉ ከዓይንሽ ያለውን ርቀት። ስፋቱን ለርቀቱ አካፍዪው። የሚወጣው ቁጥር ሥዕሉ ዓይንሽ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ይነግርሻል፤ ኢንቹ ብቻውን ይህን አይነግርሽም።

የዛሬ ስልኮች አብዛኞቹ ስክሪናቸው ስፋቱ ለቁመቱ 20 ለ 9 ነው፤ አኒሜው ደግሞ 16 ለ 9። ስለዚህ 6.5 ኢንች ስልክ አግድም ሲያዝ ሥዕሉ ግራና ቀኝ ጥቁር ትቶ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። ከዓይንሽ 30 ሴንቲ ሜትር አርቀሽ ብትይዢው 12 ለ 30 ሲካፈል 0.40 ይመጣል። የቤታችሁ 43 ኢንች 95 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ለ3 ሜትር ተኩል ስታካፍዪው 0.27 ነው። እጅሽ ላይ ያለው ስልክ ሳሎን ካለው ቲቪ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሰፋል ማለት ነው። ልትገዢው ያሰብሽው 55 ኢንችስ? 122 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ ብታዪው 0.35 ነው። ያን ሁሉ ብር ካወጣሽ በኋላም ከስልክሽ ያነሰ ሥዕል ነው የምታዪው።

የጓደኞችሽን ነገር በዚህ ልትተዪው ትችያለሽ። በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ጥሩ ስልክ ላይ አኒሜ የሚያይ ሰው የሠዓሊውን መስመር ከሩቅ ሶፋ ከሚያየው ይልቅ አጥርቶ ያየዋል። ቤት ውስጥ ሲኒማ የሚያደራጁ ባለሙያዎች ሥዕሉ 30 ዲግሪ ያህል እንዲይዝ ይመክራሉ፤ በእኛ ስሌት ይህ 0.54 ነው። 43 ኢንቹን እዚያ ለማድረስ 1 ሜትር ከ80 ላይ መቀመጥ ይበቃል። 2 ሜትር ላይ ብትሆኚም 0.47 ታገኛለሽ፤ ይህም ከስልክሽ ይበልጣል። ሶፋው የእንግዳ ስለሆነና ግድግዳውን ይዞ ስለሚቀመጥ እሱን መግፋት ላያስፈልግሽ ይችላል። አኒሜ ስታዪ ብቻ ወንበር አምጥተሽ 2 ሜትር ላይ ተቀመጪ። ቲቪው ቡፌ ላይ ከሆነ ወይም ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ግን ምንጣፍ ላይ አትቀመጪ፤ ግማሽ ሰዓት ቀና ብሎ ማየት አንገት ይይዛል። ዓይንሽ ከስክሪኑ መሐል ወይም ትንሽ ዝቅ ካለው ቦታ ጋር ይስተካከል።

«የሚንሸራተት ይመስላል» ያልሽው ነገር ከደብዳቤሽ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበን ነው፤ ብዙ ሰው አኒሜ በቲቪ አያምርም ብሎ የሚተወው በዚሁ ሰበብ ነው። ጥፋቱ የቲቪው መጠን አይደለም፤ ከፋብሪካ ሲወጣ በርቶ የሚመጣ አንድ ሴቲንግ ነው። አኒሜ በሰከንድ 24 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) ይሄዳል፤ ግን 24ቱም አዲስ ሥዕል አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሥዕል ለሁለት ወይም ለሦስት ፍሬም ይያዛል፤ በሰከንድ የሚሣለው 12 ወይም 8 ብቻ ነው። ሠዓሊው ይህን የሚያደርገው ለቁጠባ ብቻ አይደለም። ቡጢ የሚከብደው፣ ሰይፍ የሚፈጥነው ገጸ ባሕርይው አንድ አቋም ላይ ትንሽ ቆሞ ድንገት ወደሌላው ሲዘል ነው። ቲቪው ይህን ክፍተት እንደ ጉድለት ያየዋል። በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ምን ሊኖር እንደሚችል ይገምትና ሠዓሊው ያልሣለውን ፍሬም ፈጥሮ ይሞላበታል። ቆሞ የነበረው መንሸራተት ይጀምራል፤ ፈጣን ምት ላይ ደግሞ ግምቱ ይስትና የእጁ ጠርዝ እንደ ውሃ ይሟሟል፤ ፀጉሩ ዙሪያ ያለው ሰማይ አብሮ ይጎተታል።

ይህን አጥፊው። ሳምሰንግ ላይ በሴቲንግ ወደ ፒክቸር፣ ከዚያ ኤክስፐርት ሴቲንግስ ስትገቢ ፒክቸር ክላሪቲ የሚል አለ፤ በቆዩት ሞዴሎች ስሙ አውቶ ሞሽን ፕላስ ነው። ኤልጂ ላይ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ላይ ሞሽንፍሎው ይባላል። በሌላ ቲቪ በፒክቸር ውስጥ «ሞሽን» ወይም «ስሙዝ» የሚል ቃል ፈልጊ። ዝቅተኛውን ደረጃ መምረጥ አይበቃም፤ ጨርሰሽ ኦፍ አድርጊው።

እዚያው እያለሽ ፒክቸር ሞዱን ከቪቪድ፣ ከዳይናሚክ ወይም ከስታንዳርድ ወደ ሙቪ፣ ሲኒማ ወይም ፊልምሜከር ቀይሪው። መጀመሪያ ቢጫ ቢጫ ይልብሻል፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ዓይንሽ ይለምደዋል፤ ወደ ቪቪድ ብትመልሺው ደግሞ የገጸ ባሕርያቱ ፊት ብርቱካን ሆኖ ታገኚዋለሽ። ቀጥሎ ሻርፕነስ፣ ማለትም ጠርዝ የሚያጎላው ሴቲንግ። ይህ ሌላ ፊልም ላይ ብዙም ላይታወቅ ይችላል፤ አኒሜ ግን በጥቁር መስመር የተከበበ ሥዕል ስለሆነ ወዲያው ይጎዳዋል። ጥቁር ፀጉር ከነጣ ሰማይ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ፖዝ አድርጊና ወደ ስክሪኑ ቅረቢ። ከጥቁሩ መስመር ጎን ቀጭን ነጭ ክር ታያለሽ? ያ ክር ሠዓሊው የሣለው አይደለም፤ ሻርፕነሱ የፈጠረው ነው። ክሩ እስኪጠፋ ድረስ ቀንሺ። አብዛኛው ቲቪ ላይ ከ0 እስከ 10 ባለው ውስጥ ይጠፋል፤ ሶኒ ላይ ግን መካከለኛው ነጥብ 50 ስለሆነ ከዚያ በታች አትውረጂ፤ ሥዕሉ ይደበዝዛል።

ካሜራው መልክዓ ምድሩን በዝግታ ሲያቋርጥ የሚታየው ትንሽ መንቀጥቀጥ ግን ብልሽት አይደለም። አብዛኛው ቲቪ በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል፤ 60 ለ24 እኩል ስለማይካፈል አንዱ ፍሬም 2 ጊዜ፣ ቀጣዩ 3 ጊዜ ይታያል። በ120 የሚያድስ ስክሪን እያንዳንዱን እኩል 5 ጊዜ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ለማስቀረት ብለሽ ያጠፋሽውን ሞሽን መልሰሽ እንዳታበሪው።

ወደ ኬብሉ እንምጣ። ኬብሉ ምናልባት ደህና ነው፤ ስልክሽ ነው በዚያ ቀዳዳ ቪዲዮ የማያወጣው። ታይፕ ሲ የቀዳዳው ቅርጽ ስም ብቻ ነው። ቪዲዮ የሚወጣው ስልኩ ዲስፕሌይፖርት የሚባለውን አሠራር ከደገፈ ነው፤ የሳምሰንግ ኤስ ስልኮች ከኤስ8 ወዲህ፣ አይፎን ደግሞ ከ15 ወዲህ ይህን ያደርጋሉ። ዋጋቸው ዝቅ ያሉ ስልኮች አብዛኞቹ ቀዳዳውን ለቻርጅና ለፋይል ብቻ ይጠቀሙበታል። የስልክሽን ሞዴል ዝርዝር መግለጫ ፈልጊ፤ ዩኤስቢ 2.0 ብሎ ስለ ዲስፕሌይፖርት ምንም ካልጻፈ ሌላ እንዲህ ያለ ኬብል አትግዢ፤ አይሠራልሽም።

ያለ ኬብል ሁለት መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ስክሪን ሚረሪንግ የስልክሽን ገጽ እንዳለ ቀድቶ፣ እንደገና ጨምቆ ወደ ቲቪው ይልካል። ስለዚህ ጥራቱ ይወርዳል፣ ፈጣን ትዕይንት ላይ ሥዕሉ ወደ ትናንሽ ካሬዎች ይበተናል፣ አንዳንድ አፕ ደግሞ ቅጂን ስለሚከለክል ጥቁር ስክሪን ብቻ ይሰጥሻል። ካስት ግን ስልክሽን እንደ ሪሞት ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ቪዲዮውን ቲቪው ራሱ ከኢንተርኔት ይስበዋል። ጥራቱ የተሻለ ነው፤ ግን ስልክሽ ላይ ያስቀመጥሽውን የዳታ ቁጠባ ቲቪው አያውቀውም፤ የቻለውን ከፍተኛ ጥራት ይመርጣል። ቤት ውስጥ ዋይፋይ ካለ ችግር የለውም። በሞባይል ፓኬጅ ከሆነ ግን ስሌቱን ቀድመሽ እወቂው፤ አንድ የ24 ደቂቃ ክፍል በሰከንድ በሚሄደው በእያንዳንዱ ሜጋቢት 180 ሜጋባይት ይበላል። 720ፒ የሚባለው የጥራት ደረጃ በ2.5 ሜጋቢት ከሄደ 450 ሜጋባይት ነው፤ 1080ፒ በ5 ሜጋቢት ከሄደ 900። ባለ 12 ክፍል ሲዝን በመጀመሪያው 5.4 ጊጋ፣ በሁለተኛው 10.8 ጊጋ ይወስዳል።

ስልክ ላይ ለምታዪው 720ፒ ይበቃሻል ብለን በሙሉ ልብ እንመክራለን። ጤናማ ዓይን በአንድ ዲግሪ ውስጥ 60 ያህል ነጥብ ይለያል፤ 720ፒ በስልክሽ ስፋትና በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት 57 ይሰጣል። ከዚያ በላይ የምትከፍዪው ዳታ ዓይንሽ ብዙም የማይለየው ነው። 480ፒ ግን ወደ 38 ያወርደዋል፤ የሰብታይትሉ ጠርዝ ላይ ወዲያው ይታወቅሻል። ለ4ኬ ብሎ ገንዘብ ማውጣትም ለአኒሜ ብዙም አይጠቅምም፤ ብዙ የቲቪ አኒሜዎች መጀመሪያውኑ የሚሠሩት ከ1080ፒ ባነሰ መጠን ነው፤ ከዚያ ተለጥጠው ይወጣሉ። ኢንተርኔቱ ደህና ሆኖ አንድ አፕ ሁልጊዜ ድፍርስ ሥዕል ብቻ የሚሰጥሽ ከሆነ ደግሞ ዲአርኤም ኢንፎ የሚባለውን አፕ ጫኚና ዋይድቫይን (የቅጂ መከላከያ ሥርዓት) የሚለውን መስመር እዪ። ኤል3 ካለ አንዳንድ አገልግሎቶች ለዚያ ስልክ ከ480ፒ በላይ አይልኩም፤ ይህን በሴቲንግ ማስተካከል አይቻልም።

ለወንድምሽ ሰብታይትል መሥራትሽ ደስ አሰኝቶናል፤ ልፋትሽ በሳጥን እንዳይቀር እንፈልጋለን። መጀመሪያ ምን እንደሚወጣ አጥርተሽ እዪ። የፈረንጅ ፊደል ከነቅጥሉ ተዘበራርቆ የሚወጣ ከሆነ ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ አልተቀመጠም፤ በኖትፓድ ክፈቺውና ሴቭ አዝ ብለሽ ከታች ያለውን ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ 8 አድርጊው። እንዳልሽው ባዶ ሳጥን ከሆነ ግን ፋይሉ ደህና ነው፤ ቲቪው ውስጥ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ የለም። ለቲቪ ፊደል መጫን አብዛኛውን ጊዜ ስለማይቻል ጽሑፉን ከሥዕሉ ጋር ማቃጠል፣ ማለትም የሥዕሉ አካል አድርጎ ማጣበቅ ነው ያለሽ አማራጭ።

ላፕቶፕ ላይ ሃንድብሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ቪዲዮውን ክፈቺበት፤ ሰብታይትልስ በሚለው ክፍል ኢምፖርት ብለሽ የሰብታይትል (ኤስአርቲ) ፋይልሽን አስገቢ፤ ከጎኑ በርን ኢን የሚለውን ምልክት አድርጊበት፤ ከዚያ ስታርት። ሙሉውን ከማቃጠልሽ በፊት ሬንጅ በሚለው የመጀመሪያውን 60 ሰከንድ ብቻ ሞክሪ፤ ጽሑፉ ካነሰ ወይም ከዘገየ ያኔውኑ ታያለሽ። ውጤቱን ከ720ፒ አታሳንሺው። በእኛ ፊደል በ«ቡ» እና በ«ቢ»፣ በ«ሉ» እና በ«ሊ» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ቅጥል ናት፤ በ480ፒ ስትጨመቅ ቅጥሏ ትጠፋና ልጁ ቃሉን ይገምታል እንጂ አያነብም። ስልክ ላይ የተለመደ ሰብታይትል ቁመቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፤ ለእንግሊዝኛ በቂ ቢሆንም ለአማርኛ ከ20 እስከ 30 በመቶ አሳድጊው፤ ወፈር ያለ ፊደል በጥቁር ጠርዝ ይሁን። ለ9 ዓመት ልጅ በአንድ መስመር ከ5 ቃል፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ ከ2 ሰከንድ በታች የሚቆይም አይኑር። ገጸ ባሕርይው ያለውን ሁሉ ከመጻፍ አሳጥሮ መጻፍ ይሻላል፤ ልጁ ሥዕሉንም ማየት አለበት።

ፍላሹ ላይ ሌላ ሊያጋጥምሽ የሚችል ነገር አለ። ድምፅ እየመጣ ሥዕል ከሌለ ወይም ባለቀለም ካሬዎች ከወጡ ፋይሉ ባለ 10 ቢት ኤች.264 የሚባለው የቪዲዮ አጨማመቅ ሊሆን ይችላል። የአኒሜ ፋይል አዘጋጆች ሰማይና ጨለማ ላይ የሚታየውን የደረጃ ደረጃ መስመር ለመቀነስ ይጠቀሙበታል፤ ቲቪዎች ግን በአብዛኛው አይከፍቱትም። ላፕቶፕ ላይ ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ይከፍተዋል፤ በሃንድብሬክ ያለፈው ደግሞ በፕሮግራሙ የተለመደ አማራጭ 8 ቢት ኤች.264 ሆኖ ስለሚወጣ ቲቪውም ይቀበለዋል። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ከሆነም ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይገባበትም፤ ረጅም ፊልም ስትገለብጪ ቦታ እያለ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ቢልሽ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሁን ስለ ልጁ። ስልኩን 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲይዘው ስሌታችን 0.80 ይሆናል፤ 43 ኢንቹ ፊት 1 ሜትር ከ20 ላይ እንደ መቀመጥ ነው። የዓይኑ ጡንቻ ደግሞ ያን ያህል ለቀረበ ነገር ሙሉ ጊዜውን ተወጥሮ ይቆያል። ስልክ ለእሱ መከልከል ሳይሆን ቲቪውን ማስተካከል ነው የሚሻለው፤ 2 ሜትር ላይ ወንበር አስቀምጪለት። የመዝጊያ ዘፈኑ አብዛኛውን ጊዜ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው፤ በዚያ ጊዜ በመስኮት ሩቅ እንዲያይ፣ ወይም ውሃ ጠጥቶ እንዲመጣ አስለምጂው። ቀን በፀሐይ ብርሃን ውጭ መጫወት የልጆችን ዓይን ሩቁን አጥርቶ ካለማየት ችግር ለመጠበቅ ይረዳል፤ ይህን በምንም ስክሪን አይተኩትም። ቲቪውንም ካልቀረበ የማያይ ከሆነ፣ ወይም ዓይኑን ካጨነቆረ ግን የስክሪን ጉዳይ ስላልሆነ የዓይን ምርመራ ያስፈልገዋል።

ርቀት ላይ ይህን ያህል የምንጨነቅበት ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 1997 ጃፓን ውስጥ የተላለፈ ፖኬሞን የሚባል አኒሜ አንድ ክፍል ቀይና ሰማያዊ ብርሃንን በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል እያፈራረቀ ብልጭ ድርግም አደረገ፤ 685 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ጃፓን ውስጥ ለልጆች በሚቀርቡ አኒሜዎች መጀመሪያ ላይ «ክፍሉን አብርታችሁ፣ ከቲቪው ራቅ ብላችሁ እዩ» የሚለው ማሳሰቢያ የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። ብልጭታው የዓይንን ሰፊ ቦታ ሲይዝና ክፍሉ ጨለማ ሲሆን ነው ይበልጥ የሚጎዳው። ስለዚህ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ስልክ አፍንጫ ላይ የሚለጠፍበትን አስቁሚው። ብልጭታ ሲበዛበት አንድ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ፊቱን እንዲያዞር ንገሪው፤ ሁለቱን ዓይን መጨፈን ብቻ አይበቃም፤ ብርሃኑ በዓይን ቆቡ ውስጥ ያልፋል። በቤተሰባችሁ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። በነገራችን ላይ አንዳንድ የውጊያ ትዕይንት ድንገት ጠቆር ብሎ፣ ሥዕል በሥዕል ላይ ተደራርቦ የሚያልፈው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጣቢያዎች ለጥንቃቄ ያደበዝዙታል። የስልክሽ ወይም የቲቪሽ ብልሽት አይደለም፤ ብራይትነስ በመጨመር አይስተካከልም።

በስልክ የምታዪበትን ምሽትም ትንሽ እናስተካክለው። በሁለት ጣት ዘርግተሽ ሥዕሉን ስክሪኑን እንዲሞላ አታድርጊ። 16 ለ 9 የሆነውን ወደ 20 ለ 9 ስትዘረጊው ከላይ 10፣ ከታች 10 በመቶ ይቆረጣል፤ ከላይ የቆመ ሰው ግንባር፣ ከታች ሰብታይትሉ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ናሩቶ የተባለው ተከታታይ አኒሜና ዋን ፒስ የተባለው የመጀመሪያዎቹ 206 ክፍሎች 4 ለ 3 ናቸው፤ እነሱን ብትዘረጊ የሥዕሉን 40 በመቶ ታጪያለሽ። ስልኩ በእጅ ተይዞ ቀስ በቀስ ወደ ደረት ይወርዳል፣ አንገትም ይከተለዋል፤ ርካሽ ማቆሚያ ግዢና በፊትሽ ትይዩ አስቀምጪው። ቻርጅ ላይ ሰክተሽ በብርድ ልብስ ላይ አታስተኚው፤ ሲሞቅ ብርሃኑን ራሱ ይቀንሳል፣ ጨለማ ትዕይንት ከዚያ በኋላ አይታይም። ሳምሰንግ ከሆነ በዲስፕሌይ ውስጥ ስክሪን ሞድን ናቹራል አድርጊው። ብሉቱዝ ኤርፎን ላይ ድምፁ ከአፉ እንቅስቃሴ ከዘገየብሽ ባለ ሽቦ ተጠቀሚ፤ በቪኤልሲ የምታዪ ከሆነ ኦዲዮ ዲሌይ በሚለው ማስተካከል ትችያለሽ። ንግግሩ ዝቅ፣ ፍንዳታው ከፍ የሚልብሽ ከሆነ ደግሞ ከድምፅ ምርጫ ለብዙ ስፒከር የተሠራውን 5.1 ትተሽ ስቴሪዮውን ምረጪ።

ታዲያ ትልቁ ስክሪን መቼ ነው የግድ የሚሆነው? ለእኛ ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ለሲኒማ ቤት የተሠሩ ፊልሞች ናቸው። ሠዓሊዎቻቸው ሰፊ ገጽ እንደሚያገኙ አውቀው ነው የሣሉት፤ ሰውየውን ከተራራው ግርጌ እንደ ምስር ፍሬ አሳንሰው ያስቀምጡታል፤ ስልክ ላይ እንደ ነጥብ ይታያል፤ ፊቱ ወዴት እንደዞረ እንኳ አይለይም። እነዚህን ለእሑድ አቆዪና 1 ሜትር ከ80 ላይ፣ መብራቱን ሳታጠፊ፣ ጀርባሽ በኩል አብርተሽ እዪ። ሁለተኛው ከሰው ጋር ስታዪ ነው። ስልክ ለአንድ ሰው ዓይን ብቻ ነው ልክ የሚሆነው፤ ከወንድምሽ ጋር ጎን ለጎን ስትሆኑ አንዳችሁ ሁልጊዜ ከጎን ታያላችሁ፣ ርቀቱም ይዛባል። ለየሳምንቱ ክፍል፣ ቤቱ ተኝቶ ብቻሽን ስትሆኚ፣ መብራት በሄደበት ምሽት ግን ስልክሽን ያለ አንዳች ሐፍረት ያዢ።

እንግዲህ 55 ኢንቹን አትግዢ። ከዚህ ሁሉ በኋላም የራስሽ ስክሪን ካማረሽ፣ ከቲቪው ዋጋ በጣም ባነሰ ያገለገለ 24 ኢንች ሞኒተር መኝታ ቤትሽ ጠረጴዛ ላይ ይበቃሻል። 53 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ከ1 ሜትር ርቀት ብታዪው 0.53 ነው፤ ከሳሎኑ ሶፋ ሆነሽ ይህን ለማግኘት 80 ኢንች የሚያልፍ ቲቪ ያስፈልግ ነበር። ስትገዢ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ እንዳለው አረጋግጪ፤ የቆዩት ቪጂኤ ብቻ አላቸው። ስፒከር የሌለው ብዙ ስለሆነ የኤርፎን ቀዳዳም ፈልጊ። ሻጩ ፊት ሙሉ ነጭ፣ ቀጥሎ ሙሉ ጥቁር ምስል ክፈቺበት፤ ነጩ ላይ የሞተ ነጥብ፣ ጥቁሩ ላይ ከጠርዙ የሚያፈስ ብርሃን ይታይሻል። ስልክሽ በኬብል ስለማያወጣ ሞኒተሩን የምታገናኚው ከላፕቶፕ ወይም ከቲቪ ቦክስ ጋር ነው፤ ሁለቱም ቤት ከሌሉ የእነሱን ዋጋ ደምረሽ ወስኚ።